ጭነቱን ማን ጠየቀው?

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከዕለታት በአንዱ ቀን፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ቸርችል ጎዳና ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ታች ለገሃር ጭር ባለበት ሰዓት፣ አንዲት ነጋዴ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ተቀምጣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ትተክዝ ነበር። ከኋላዋ ሴባስቶፖል መድፍ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ እንደወትሮው ዝም ብሏል። ሴትዮዋ እጇን ያላስገባችበት ንግድ የለም። በዚያን ሌሊትም አራት ጭነት በአራት ቦታ ይጠብቃት ነበር፤ ሆለታ ላይ ሲነጋ የምትቀጠፍ ጽጌረዳ፣ መጋዘን ውስጥ ታጥቦና ተለቅሞ የተከመረ የይርጋጨፌ ቡና፣ ጅቡቲ ወደብ የደረሰ አንድ ኮንቴይነር ጃንጥላ፣ መንዝ ላሉት እናቷ የምትልከው አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ።

«ለማን ላሸክመው?» አለች ድምፅ አውጥታ።

ነጋዴ ጭነት አለኝ ሲል ጨለማም ጆሮ አለው። መጀመሪያ የደረሰው ባለተሳቢው ከባድ መኪና ነው፤ ቀን ቀን መሀል ከተማ እንዳይገባ እየተከለከለ ዳር ዳሩን ስለሚውል ሌሊቱ የእሱ ነው። ግመል አንገቱን እየሰበቀ ከአፋር በኩል መጣ። በቅሎ የአንገቷን ጌጥ እያንሿሿች ከላይ ከአራዳ ወረደች። አውሮፕላኑ ግን አልወረደም፤ ያለ ማኮብኮቢያ እግሬ መሬት አይነካም ብሎ ቦሌ ሰማይ ላይ እየዞረ ድምፁን ብቻ ላከ። አዲሱ ባቡርም በአካል መቅረብ አልቻለም፤ ሐዲዱ ከከተማው ዳር እንዶዴ ላይ ያቆመዋልና። ስለዚህ ለገሃር ቆሞ የቀረውን አያቱን፣ አሮጌውን ባቡር፣ ወከለ። አያትየውም ከቆመበት ሳይነቃነቅ በፉጨት ሊናገርለት ተስማማ።

አህያ ከእህል በረንዳ የመጣችው ሳትጠራ ነው። ጥግ ይዛ ቆመች። ማንም ልብ አላላትም።

ሁሉም በአንድ ጊዜ «እኔ ልሸከም! እኔ ልሸከም!» ማለት ሲጀምሩ ሴትዮዋ ጆሮዋን ያዘች። «ዳኛ ካልተሰየመ አንድም ቃል አልሰማም» አለች።

በቅሎ ፈጠን ብላ «ወደ ጊዮርጊስ በኩል ልውጣ» አለች። «የምኒልክ ፈረስ ይዳኘን። አጎቴ ነው።» በቅሎን አባትሽ ማን ነው ሲሏት አጎቴ ፈረስ ነው ማለቷ የቆየ ነገር ነውና የሳቀ አልነበረም። ወጥታ ተመለሰች። ፈረሱ ያላት ይህን ብቻ ነው፦ «የእኔ ጫንቃ ከንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ሸክም አያውቅም። ሸክም የማያውቅ በሸክም ነገር አይፈርድም።»

መኪናው ደግሞ ቁልቁል ወደ ለገሃር ወርዶ ሐውልቱ ላይ የቆመውን ሞዓ አንበሳን ለመነው። አንበሳው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እንኳ አንድ ጊዜ ጭነት ሆኜ አውቃለሁ» አለ። «ጠላት ሮም ድረስ ጭኖ ወስዶኝ ቦታዬ የተመለስኩት ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሆኖም ከእኔ የከበደ እዚያው መካከላችሁ ተቀምጧል። እሱን ጠይቁት።»

ሁሉም ዞረው ሴባስቶፖልን አዩት። መድፉ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከውስጡ የወጣው አቧራ በመንገዱ መብራት ላይ ታየ።

«እኔ ቅጂ ነኝ» አለ። «ዋናው መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው። ግን የአባት ቁስል ልጅን ያመዋል፤ ያየውን ሁሉ አውቃለሁ። ችሎቱን እይዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ተሸካሚ ሆኜ አላውቅም። ጭነት ነበርኩ። የምፈርደውም እንደ ጭነት ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የሰማት አልነበረም። ሁሉም የሚናገረውን እያሰናዳ ነበር።

«በላ ልበልሃ!» ብሎ መኪናው ቀደመ፤ የፊት መብራቱን ቦግ አድርጎ። «ከደጅ አንስቶ ደጅ የሚያደርስ ከእኔ በቀር ማን አለ? ባቡር ሐዲድ ይፈልጋል፣ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። እኔ እስከ 400 ኩንታል አንግቤ በጋላፊ ገብቼ፣ ሚሌን አልፌ፣ አዋሽን ተሻግሬ፣ ቢሹ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ቢሹ መጋዘናቸው በር ላይ አራግፋለሁ። ይቺ አገር ከመቶ ከ90 የሚበልጠውን የውጭ ንግዷን በጅቡቲ ስታመላልስ፣ በአሸዋው ግለት ጎማው የሚነድደው የማን ነው? የእኔ ሹፌርና ረዳት ከመኪናው ሥር አንጥፈው ያድራሉ። በየኬላው ገመድ ይዘረጋብናል። ባለፍንበት ሁሉ ኮቴ እንከፍላለን!»

ከጥጉ ሳቅ ተሰማ። አህያ ናት። «ኮቴ ያለኝ እኔ፣ ኮቴ የሚከፍል እሱ!»

አሮጌው ባቡር ከታች አፏጨ። «ተጠየቅ! ወደ ጅቡቲ ስትወርድስ ምን ትጭናለህ?»

መኪናው መብራቱን ቀነሰ። «ከቀናኝ ቡናም ጥራጥሬም እጭናለሁ። ካልቀናኝ…»

«ካልቀናህ?»

«ነፋስ።»

«የነፋሱን ኪራይ ማን ይከፍላል?»

መኪናው መልስ አጥቶ ሴትዮዋን አያት። ሴትዮዋም ገባት፤ ባዶ የወረደበትን መንገድ የሚከፍለው ሲመለስ የተጫነው ዕቃ ነው። «ወይ ጉድ» አለች፤ «ለካ ስንት ዘመን ነፋስ ሳስጭን ኖሬአለሁ።»

ባቡሩ በዚህ ተደፋፍሮ ክርክሩን ቀጠለ። «በ1909 ዓ.ም. ጭሴን እያትጎለጎልኩ እዚህ ከተማ ስገባ፣ ቅፍለት ከወር በላይ የሚለፋበትን መንገድ በቀናት አሳጠርኩት። ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ የመስኮቱ መስታወት በእኔ ፉርጎ ነው የገባው። የልጅ ልጄ ደግሞ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ ሥራ ጀምሯል። ናፍጣ አይጠጣም፣ ኬላ አያስቆመውም፤ አንዴ ሲጎትት የስንት አሥር መኪና ጭነት ነው!»

«ተጠየቅ!» አለ መኪናው፤ ተራው ደርሶ። «ሐዲድህ ካለቀበት ወዲህ ማን ያደርስልሃል?»

«አንተ» አለ ባቡሩ፤ ፉጨቱ ቀጠነ።

«አንዲት ሴት አንድ ጣቃ ጨርቅ ይዛ ብትመጣ ትነሳላታለህ?»

«ባቡር የሚነሳው ሲጠራቀም ነው።»

«ያን ጊዜ ባለጨርቋ ምን ትሁን?»

«ትጠብቅ።»

አውሮፕላኑ ከላይ ሳቀ። «መጠበቅ! ይህን ቃል እኔ ቤት አታገኙትም። በ1938 ዓ.ም. ካይሮ ድረስ በርሬ ስመለስ በዚህች አገር አስፋልት እንኳ እዚህም እዚያም ብቻ ነበር። ዛሬ የተቀጠፈ አበባ ነገ አውሮፓ ገበያ ላይ ይታያል። ተራራ ከእግሬ በታች ነው።»

«ተጠየቅ!» አለ ግመል ማላመጡን ሳያቆም። «ጨው ትጭናለህ?»

«ጨው? የጨው ዋጋ የክንፌን ጥላ አይከራይም።»

«ገባኝ» አለ ግመል። «አንተ የሚከፍልህን ትሸከማለህ። የሚከብደውን የሚሸከም ሌላ ነው።» ከዚያም ወደ ችሎቱ ዞረ። «እኔ ከዳሎል ጨው ጭኜ ስወጣ መንገድ የሚባል አልነበረም፤ አሁንም ብዙ አያስፈልገኝም። ያ አሞሌ ደግሞ በዘመኑ መገበያያ ነበር። እነዚህ ሁሉ ለገንዘብ ይሸከማሉ። እኔ ገንዘቡን ራሱን ተሸክሜአለሁ!»

ነገሩ ሁሉንም አስደነቀ፤ በቅሎን ግን አላስደነቃትም። «ቆላ ላይ ነው ጀግንነትህ» አለችው። «ደጋ ስትወጣ፣ ጭቃው ላይ አራቱ እግርህ በአራት አቅጣጫ ሲሄድ አይቻለሁ። ድሮም ዳገቱ ሥር ስትደርስ ጭነትህን ለእኔ ነበር የምታስረክበው። ሲራራ ነጋዴው አራዳ ገበያ የገባው በእኔ ነው። ነጋድራሱ የቀረጠው እኔ ያመጣሁትን ነው።»

«ታዲያ ዛሬ የት አለሽ?» አላት መኪናው።

«አንተ የማትደርስበት» አለች በቅሎ።

ክርክሩ እዚህ ሲደርስ ሴባስቶፖል አንድ ነገር ጠየቀ። «ሁላችሁም ያደረሳችሁትን ነግራችሁኛል። ያላደረሳችሁትስ? የተሰበረው፣ የረጠበው፣ የዘገየው?»

እንደ አንድ አፍ መለሱ። መኪናው «አጠቃቀሉ መጥፎ ነበር» አለ። ባቡሩ «ወረቀቱ አልተሟላም ነበር» አለ። አውሮፕላኑ «ከልክ በላይ ይመዝን ነበር» አለ። ግመል «ማሰሪያው ላልቶ ነው»፣ በቅሎም «ዳውላው ወደ አንድ ጎን ያደላ ነበር» አሉ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እኮ ነገራችሁ» አለ ዳኛው። «ይህን ሁሉ ስትከራከሩ ጭነቱን የጠየቀው የለም። ጭነቶቹ ይቅረቡ!»

ችሎቱ ተንጫጫ። ጭነት ይታሰራል፣ ይመዘናል፣ ይቀረጣል፣ ይደረደራል፤ ለምስክርነት ተጠርቶ ግን አያውቅም። የሆነው ሆኖ አራቱም ቀረቡ። ሴባስቶፖል ለእያንዳንዳቸው አራት ጥያቄ አቀረበ፦ ስንት ትመዝናለህ? ስንት ታወጣለህ? እስከ መቼ ትቆያለህ? የምትወርደው ከማን ደጅ ነው?

ጽጌረዳ ቀደመች። «ክብደት የለኝም፤ ዕድሜም የለኝም። ዋጋዬ በሰዓት ይቀንሳል። ደጄ ባሕር ማዶ ነው።»

«እንግዲያው አውሮፕላን ይውሰድሽ» ከማለቱ አውሮፕላኑ ደስ ብሎት ክንፉን አጋደለ። ጽጌረዳ ግን አልጨረሰችም። «ከሆለታ ቦሌ ድረስ የሚያመጣኝ ባለማቀዝቀዣው መኪና ነው» አለች። «እሱ ጎማው ቢተነፍስና ፀሐይ ቢያገኘኝ፣ አውሮፕላኑ የሚያበረው ድርቆሽ ነው።» አውሮፕላኑ ክንፉን አቃና።

ቡና እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ተናገረ። «እኔ ታጋሽ ነኝ። መርከብ ላይ ሳምንታት ብቆይ አልጠወልግም፤ ስለዚህ ለሰማይ መንገድ መክፈል ብኩንነት ነው። የማልችለው ዝናብንና የናፍጣ ሽታን ነው፤ ጠረን ቶሎ እስባለሁ። ቅድም ስሰማ መኪናው ነፋስ ጭኖ ይወርዳል ተባለ። በነፋሱ ቦታ እኔ ልቀመጥ።» ሁሉም ሳቀ፤ መኪናው ሳይቀር። ሴትዮዋ በጣቷ አሰላች፤ ባዶ ከሚወርድ ጋር ኪራይ መደራደር ይቀላል።

ጃንጥላው ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። «ስለ እኔ አትጨነቁ። አልበሰብስም፣ አልጠወልግም፣ ርካሽ ነኝ። ባቡሩ ሲሞላለት ያምጣኝ።»

«እስከ መቼ ትቆያለህ?»

«የፈለጋችሁትን ያህል!»

«ዝናቡስ?» አለ ሴባስቶፖል።

ጃንጥላው ተጣጠፈ። ጥቂት ቆይቶ «ክረምቱ ካለፈ እኔ ምርኩዝ ነኝ» አለ በቀሰስተኛ ድምፅ።

ዳኛው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «መቼ ነው ያዘዝሽው?»

«ሐሳቡ የመጣልኝ በጥር ነው» አለች። «ያዘዝኩት በሚያዝያ። መካከሉን ባንክ ወረፋ ይዤ የውጭ ምንዛሬ ስጠብቅ ነበር። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ወደቡ ላይም የመዘግየት ክፍያው፣ ዲመሬጁ፣ በየቀኑ ይቆጥራል።»

«በጥር አዝዘሽው ቢሆን ባቡር ይበቃው ነበር። ዛሬ ለመኪና ትከፍያለሽ። ልዩነቱን ለመኪናው ፍጥነት የከፈልሽ አይምሰልሽ፤ የወረፋው ዋጋ ነው። ጃንጥላሽ መንገድ ሳይጀምር ወረቀት ላይ ሳለ ከብዷል።» ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ደስ ሊለው አስቦ፣ ደስታው የሰው ወረፋ መሆኑ ሲገባው ተወው።

መጨረሻ ላይ ጤፉ ቀረበ። አንድ ኩንታል ብቻ ስለሆነ በቁመቱ አፈረ። «ለእኔ ባቡር አይነሳም፤ አውሮፕላንም አያኮበኩብም። መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ መንዝ መንገዱ እስከሚያልቅበት ያደርሰኛል። ከዚያ ወዲያ ገደል አለ። ከገደሉ በታች እናት አሉ።»

አደባባዩ ጸጥ አለ። አውሮፕላኑ ከላይ ሆኖ ገደሉን ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ ወርዶበት ግን አያውቅም። ባቡሩ ስለ መንዝ ወሬ እንጂ ሐዲድ የለውም። ግመል ብርዱን አሰበና ላመጠ። በቅሎ ልትናገር አፏን ስትከፍት ዳኛው ቀደማት፤ «በአንድ ኩንታል ጤፍ በቅሎ የሚከራይ የለም።» ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ጥጉ ዞሩ።

አህያ ጆሮዋን አነሳች። «እኔ የምከራከረው የለኝም» አለች። «ከእህል በረንዳ እስከ መኪናው እኔ አደርሰዋለሁ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ እናትየው ደጅ ዘመዴ ያደርሰዋል። የእናንተን ታሪክ ሁሉ ቆሜ ሰማሁ፤ 1909ም፣ 1938ም፣ 2010ም። ጥሩ ነው። ግን መነሻው ላይ ያቀበላችሁ፣ መድረሻውም ላይ የተቀበላችሁ ማን እንደሆነ የተናገረ የለም። እኔ በማንኛውም ዓመተ ምሕረት ነበርኩ።»

ሴባስቶፖል ፍርዱን ሰጠ። ጽጌረዳ በመኪና ከዚያም በአውሮፕላን፤ ቡና ባዶ በሚወርደው መኪና ከዚያም በመርከብ፤ ጃንጥላው ዘንድሮ በመኪና፣ ለከርሞ በጊዜ ታስቦ በባቡር፤ ጤፉ በአህያ፣ በመኪና፣ እንደገና በአህያ። «ከእናንተ ማንም ብቻውን ያደረሰ የለም። ስለዚህ ስለ ብልጫ መጨቃጨቁ ይብቃ።»

ሁሉም ፍርዱን ወደዱት። ጨበጨቡ። ከዚያ ሴትዮዋ «ደግ፤ የት ላይ ነው የምትቀባበሉት?» ስትል ጭብጨባው ቆመ።

አውሮፕላኑ «ቦሌ» አለ። ባቡሩ «እንዶዴ» አለ። መኪናው «እኔ ወደ ማንም አልሄድም፤ ከቆምኩበት ይምጡ» አለ። ቀድሞ የደረሰው ይጠብቃል ወይስ ዘግይቶ የሚመጣው ይቀጣል? ጭነቱ መሬት ላይ ሲያድር ጠባቂው ማን ነው? ማን ይፈርማል? ማኅተሙ የማን ነው? ጫኝና አውራጁ ለማውረድ የጠየቀውን ለመጫንም ይጠይቃል፤ ያንንስ ማን ይችላል? ለክርክሩ አንድ ሰዓት ያልፈጀባቸው ለዚህ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው።

«ስሙ» አለ ዳኛው። «አበባው የሚጠወልገው፣ ቡናው የሚረጥበው፣ ጃንጥላው ክረምት የሚያልፍበት በመንገድ ላይ አይደለም። አንዳችሁ ጨርሶ ሌላችሁ ሳይጀምር ባለው ክፍተት ነው። ስለዚህ ጭነቱን ያስጠበቀ ይክፈል።»

«ይግባኝ!» አለ መኪናው። «ይግባኝ!» አለ ባቡሩ። አውሮፕላኑም ከላይ «ይግባኝ!» አለ፤ ለማን እንደሚል ግን ራሱም አላወቀም። አህያ ብቻ ዝም አለች። ጤፉን ተጭና ጉዞ ልትጀምር እግሯን አነሳች፤ «ሊነጋ ነው፤ እኔ ይግባኝ የምልበት ጊዜ የለኝም» ብላ።

ሴትዮዋ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ከመሄዷ በፊት ግን መድፉን አየችው። «አባቴ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አለች። «ለሁሉም የሚሆነውን ተሸካሚ መረጡለት። ለእርስዎስ የቱ ይሻል ነበር?»

ሴባስቶፖል ቶሎ አልመለሰም።

«እኔ ቀልጬ የተሠራሁት ጋፋት ነው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ» አለ በመጨረሻ። «አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው አሠሩኝ። ወደ 70 ኩንታል እመዝናለሁ። ከቅርጹ ስወጣ እልልታ ሆነ። በማን ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእልልታው በኋላ ነው። በቅሎ ጀርባ ላይ አልወጣም፤ ግመል አይችለኝም። እንዳይፈታቱኝ አንድ ወጥ ነኝ። በሠረገላ ላይ አስቀምጠው በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ጎተተኝ። መንገድ ስላልነበረ ዓለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ ነው የሄድኩት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ከደብረ ታቦር መቅደላ፣ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት፤ ግማሽ ዓመት።

«ያን ጊዜ እንግሊዞች ዙላ ወርደዋል። ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ ሐዲድ ዘረጉ። ሜዳውን ለግመል፣ ዳገቱን ለበቅሎ ሰጡ። የተራራ መድፋቸውን ፈታትተው በበቅሎ ጫኑት፤ የከበደውን ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ላይ ጫኑ። ያገሬውንም ሰው ከነከብቱ በብር ተከራዩ። ለእያንዳንዱ ጭነት ጀርባ የተፈለገለት ዕቃው ከመርከብ ሳይወርድ ነው። እኔ አምባው ላይ በደረስኩ ሳምንታት ውስጥ እነሱም ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ አረፉ። የጎተተኝ ጠፍር ገና ላቡ አልደረቀም ነበር።»

«እንግዲያው ንጉሡ ተሳሳቱ?» አለች ሴትዮዋ።

«አትቸኩዪ። እንግሊዞቹ ከአምባው የዘረፉትን ብራና፣ ዘውድ፣ ጽዋ ለማውረድ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጓቸዋል። የሚከፋፈለው ሁሉ ተከፋፍሎ ሄደ። ለእኔ ግን ጀርባ አልተገኘልኝም፤ እዚያው ቀረሁ። ለማምጣት የከበደው ክብደቴ ለመወሰድም ከበደ። ስለዚህ ንጉሡን አልከስም። እኔ የማስበው የጎተተኝን ሰው ነው። መድፉ ስንት ይመዝናል ያለ ብዙ ነበር። ሰውየው ስንት ይችላል ያለ አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኔ ግን ሃምሳ ሰው ቢይዘኝም ጌጥ የማልሆን ሎሚ ነበርኩ።

«የጠየቅሽኝ የቱ ይሻል ነበር ብለሽ ነው። መቅደላ መንገድ ላይ ሆኜ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ጥያቄው መጠየቅ የነበረበት ጋፋት ላይ፣ ከሰል ሳይቀጣጠል ነው። ያን ጊዜ ቢሆን ወይ አሥር ሆኜ እሠራ ነበር፤ ወይ መንገዱ ይቀድመኝ ነበር። ሲወጠን ተሸካሚ ያልታሰበለት ነገር ሁሉ፣ ዞሮ ዞሮ ማረፊያው የሰው ትከሻ ነው። ሐውልቱ የሚሠራው ግን ለጭነቱ ነው።»

ይህን ብሎ ዝም አለ። ጊዮርጊስ የቅዳሴ ደወል ተሰማ። መኪናው የተከለከለበት ሰዓት ሳይደርስበት ዳር ሊወጣ ሞተሩን አስነሳ፤ ግመልና በቅሎ ጭጋጉ ውስጥ ገቡ፤ አውሮፕላኑ ድምፁ ራቀ። አሮጌው ባቡር ለገሃር ላይ ፉጨቱን ዋጠ። ሴባስቶፖልም ድንጋዩ ላይ እንደነበረ ነበር፤ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ።

ሴትዮዋ ቁልቁል መውረድ ስትጀምር አንድ ልጅ ዳገቱን ሲወጣ አገኘችው። ጀርባው ላይ ከራሱ የሚበልጥ ካርቶን በገመድ ታስሯል፤ ግንባሩ ወደ መሬት ተደፍቷል። ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ ነው፤ በጥንቃቄ ይያዝ» ተብሎ ተጽፎበታል። አልፋው ሄዳ ነበር። ሦስት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች።

«የኔ ልጅ፣ ስንት ትችላለህ?» አለችው።

ልጁ ቀና አለ። ጥያቄው ስላልገባው «ስድሳ ኪሎ ነው» ብሎ መለሰ።

«የካርቶኑን አልጠየቅኩህም» አለች ነጋዴዋ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ።